ጨረቃን ለብቻ

ምክሩ አሁን በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። እህቴ፣ ጨረቃ ስትወለድ አዲስ ዕቅድ ጻፊ፤ ስትሞላ የከበደሽን ነገር ልቀቂ፤ ስትጎድል ዕረፊ። ክረምት ሲገባ ወደ ራስሽ ተመለሺ፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ አብረሽ ታደሺ። ከዚያ ሻማ ማብራት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ በቅጠል ውሃ መታጠብ ይከተላል። ነገሩ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው ብሎ ለሚጠራጠር ደግሞ መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «አያቶቻችንም የሚኖሩት እንዲሁ ነበር፤ የረሳነው እኛ ነን።»

አብዛኛው ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳይመረምር ይቀበላታል። ደስ ትላለች፤ አያቶችን ታከብራለች፤ ማንንም የምትጎዳ አትመስልም። ችግሩ እውነት አለመሆኗ ነው። ከጎንደር እስከ ጁባ ባለው በዚህ በእኛ የዓለም ክፍል ጨረቃንና ወቅትን የቆጠሩ ሰዎች ስሜታቸውን ለማስተካከል ብለው አልቆጠሩም። መቼ አብሮ እንደሚጾም፣ ዘሩ መቼ መሬት እንደሚገባ፣ የተጣላው መቼ እንደሚታረቅ፣ ዝናቡ ከቀረ ማን እንደሚጠየቅ ለማወቅ ቆጠሩ። ቆጠራው የአደባባይ ጉዳይ ነበር፤ ክርክርና ጠብ፣ አንዳንዴም ደም ነበረበት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጎረቤቱን አውጥቶ «እኔ»ን ብቻ ማስቀረት የአያቶችን ነገር መመለስ ሊባል አይችልም።

ጁባን እንውሰድ። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከነጭ አባይ ምዕራብ ዳር፣ በባሪ ሕዝብ ምድር ላይ ተቀምጣለች፤ ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ይህን በስሙ ይዞት ቀርቷል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚታየው ተራራ ጀበል ኩጁር ይባላል። ኩጁር የሚሉት መንፈስ ጠሪውን፣ አዋቂውን ነው። እዚያ ሆቴል የከፈቱ፣ ምግብ ቤት የሚያሠሩ፣ የውሃ ቦቴ የሚነዱ ብዙ ሐበሾች በየቀኑ ያዩታል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ5 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ስለሆነች የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ኦስሎ ላይ ግን ከ12 ሰዓት ይበልጣል።

ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። «በክረምት ወደ ውስጥ ግባ፣ በፀደይ ውጣ» የሚለው ምክር የተወለደው ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት በምትጠልቅበት አገር ነው። እዚያ ጨለማው የእውነት ያሳምማል፤ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 በክረምት የሚመጣውን ድብርት በሕመምነት ገልጸው የብርሃን ሕክምና አቅርበውለታል። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለስዊድናዊት ሴት በታኅሣሥ «ዕረፊ» ማለት ትርጉም አለው። ለጁባዋ ሻይ ሻጭ ታኅሣሥ መንገዱ ደርቆ ገበያው የሚደራበት፣ ሠርግ የሚበዛበት፣ ሠርቶ የማግኛ ወር ነው። ምክሩን እንዳለ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ኬክሮስ መቀየሩን ልብ አላለም።

በጁባ ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ በዓመት ወደ 950 ሚሊ ሜትር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ደረቅ ነው። የካቲትና መጋቢት ከሁሉም ይብሳሉ፤ አማካዩ የቀን ሙቀት ራሱ 37 እና 38 ዲግሪ ይደርሳል። በተለመደው የመታደሻ ካሌንደር መሠረት እንግዲህ የመጀመሪያው ዝናብ የአዲስ ሕይወት ምልክት መሆን ነበረበት። ሣሩም ይበቅላል፣ ምድሩም ይሸታል፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን የእርዳታ ድርጅቶችና መንግሥት በምግብ ዋስትና ሪፖርቶቻቸው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ያለውን ጊዜ የሚጠሩት የረሃብ ወቅት ብለው ነው። ያለፈው ዓመት ማሽላ አልቋል፤ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው። አረንጓዴው ሲበዛ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወር ይህ ነው። የእኛም ገበሬ ያውቀዋል፤ መስከረም በአበባ አሸብርቆ ሲመጣ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ቤት የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ቡቃያ አይቶ ራሱን ለማደስ መጀመሪያ የበላ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ከተማ ውስጥስ? አስፋልት ባልደረሰባቸው የጁባ ሰፈሮች የሚያዝያ ዝናብ ቀዩን አቧራ በአንድ ሌሊት ጭቃ ያደርገዋል። የውሃ ቦቴው ጎማ ይሰምጣል፤ ሾፌሩ ወርዶ ድንጋይና ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ይጠቀጥቃል፤ ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁት ሴቶች ከጠዋት እስከ ቀትር ቆመው ይውላሉ። የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ይፈስሳል። ወባ ይነሳል። በጥቅምት 2024 በሰሜኑ በሬንክ የታወጀው ኮሌራ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛምቶ በቀጣዩ ዓመት ከ1000 በላይ ሰው ገድሏል። ወቅቱ ለእነዚህ ሴቶች የሚነግራቸው ነገር አለ፤ ውሃ አፍሉ፣ አጎበር ዘርጉ፣ ቦዩን ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ጥረጉ ይላል። ቦይ ደግሞ ለብቻ አይጠረግም፤ አንዱ ቤት ጠርጎ ሌላው ከተወው ውሃው ተመልሶ ይመጣል።

ባሪዎች ራሳቸው ወቅትን እንዴት ያዩት ነበር? የዝናብ አለቃ ነበራቸው። አለቃው የዝናብ ድንጋዮች ይዟል፤ ድንጋዮቹን እያጠበና ዘይት እየቀባ ዝናብ ይጠራል። ቻርልስና ብሬንዳ ሴሊግማን በ1932 ባሳተሙት ስለ ናይል ሕዝቦች በሚተርክ መጽሐፍ ይህን በዝርዝር ጽፈውታል። እስከዚህ ድረስ የዘመኑ መንፈሳዊ አማካሪ ደስ እያለው ያዳምጣል። ቀጥሎ ያለው ግን አይጥመውም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ዛሬ ከጁባ በስተ ምሥራቅ በሚታየው በቢሊንያን ንዪጊሎ የሚባል ታላቅ የዝናብ አለቃ ነበር። በ1850ዎቹ ጎንዶኮሮ ላይ ከሠፈሩት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ተወዳጅቷል። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ዝናብ ሲጠፋ የገዛ ሕዝቡ ገደለው።

ሆላንዳዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ሲሞን ሲሞንስ በ1992 ባሳተመው «የመዓት ነገሥታት» ሊባል በሚችል ሥራው በዚህ ከነጭ አባይ በስተ ምሥራቅ ባለው አካባቢ ዝናብ በመቅረቱ የተገደሉ አለቆችን እየተከተለ መዝግቧል፤ ታሪኩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይዘልቃል። ለድርቅ ሰው መግደል ግፍ ነው፤ ናፍቆት የሚገባው ሥርዓት አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። በነጭ አባይ ዳር ወቅት የሥልጣን ጉዳይ ነበር። ዝናብ የቀረ እንደሆነ ባሪው «ምናልባት ውስጤ ደርቆ ይሆን?» ብሎ ራሱን አልጠየቀም፤ ተነስቶ ወደ አለቃው ደጅ ሄደ።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ ማስረጃው ይበልጥ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጨረቃን በቁም ነገር የያዘው ትልቁ ተቋም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። መሣሪያው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ትውፊቱ ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። እንዴት እንደሚሠራ በ2018 ዓ.ም. እንየው። 5500 እና 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተብሎ ይቀነሳል፣ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጡ። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ 7። 18 እና 7 ሲደመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ይውላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው የለም። ሊቁ ጨረቃዋን «አልተሰማትም»፤ ደመራት፣ አባዛት፣ ገደፋት። መስከረም 1 ቀን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በአደባባይ ሲነገሩ ዓላማው አንድ ነው፤ የአክሱሙም የደብረ ማርቆሱም የቶሮንቶውም ምእመን በአንድ ሌሊት እንዲገድፍ። የነነዌን ጾም «ዘንድሮ ለእኔ ጉልበቴ የሚሞላው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብሎ የሚያዘዋውር ሰው የለም። ሙስሊሙም ዘንድ እንዲሁ ነው። የረመዳን ጨረቃ ታየች አልታየች የሚለው የአንድ ሰው ዓይን ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ ያየው ይመሰክራል፣ ምስክርነቱ ይመረመራል፣ ከዚያ ይታወጃል።

ዐውደ ነገሥት አለ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። የሰውየውንና የእናቱን ስም ቆጥሮ፣ ለ12 ገድፎ ኮከቡን የሚነግር ቆጠራ ለግለሰብ የተሠራ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኮከብ ቆጣሪው ደጅ የሄደ ሰው የሚሰማው ማንን ቢያገባ እንደሚስማማው፣ ጠላቱ ከወዴት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ወር መንገድ ቢወጣ እንደሚቀናው ነው። ዕጣውን ሊሰማ ሄደ እንጂ ራሱን ሊያድስ አልሄደም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ይህን ስታወግዝ ኖራለች። የዛሬው የጨረቃ አማካሪ ከደብተራው የወረሰው ነገር ቢኖር ክፍያውን ነው።

ከሁሉም የሚገርመው ምስክር ያለው ግን ታችኛው ኦሞ ነው። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ በ1978 ስለ ሙርሲዎች የዘመን አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት እንደሚለው ሙርሲዎች ወራቸውን በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ ወሩ ስም የለውም፣ ቁጥር ነው። አሁን ስንተኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን አንዱ አምስተኛው ይላል፣ ሌላው ስድስተኛው ነው ብሎ ይሟገታል። ማንም አይደነግጥም። ክርክሩ ይቀጥላል፤ ዝናቡ፣ እህሉ፣ የኦሞ ጎርፍ ሲመጣ ማን ትክክል እንደነበረ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታወቃል። የፀሐይና የጨረቃ ዓመት አለመገጣጠም እኛ በአበቅቴ የፈታነው ችግር ነው፤ እነሱ በጭቅጭቅ ፈቱት። ጨረቃ እዚያ መንደር የክርክር መነሻ ናት። በሞባይል መተግበሪያ ላይ «ዛሬ ጨረቃሽ በዚህ ደረጃ ላይ ናት» የሚል ማሳሰቢያ የሚደርሳት ሴት ከማን ጋር ትሟገታለች?

ሙርሲዎች ኮከብም ያያሉ። ደቡብ መስቀል በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለች አንዲት ኮከብ በምሽት ሰማይ መታየት ስታቆም ኦሞ ሞልቶ የዳሩን ሣር መተኛቱን ያውቁ ነበር፤ ጎርፉ ሲመለስ በረጠበው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። በ2015 ኦሞን የሚገድበው ግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በ2016 መጨረሻ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመረቀ። የተፈጥሮው ጎርፍ ቆመ። ኮከቧ ዛሬም በጊዜዋ ትጠልቃለች፣ ውሃው ግን አይመጣም። ግድቡ ያስፈልግ ነበር አያስፈልግም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለዚህ ነገር የሚበቃው ይህ ነው፤ ወንዙ የሚሞላበት ቀን አሁን የሚወሰነው በቢሮ ነው፣ ስለዚህም «ከተፈጥሮ ዑደት ጋር ተስማሚ» የሚለው ምክር ለሙርሲ ሴት ምንም አይፈይድላትም። የምትስማማበት ዑደት ተወስዶባታል፤ እንዲመለስላት ወይም ካሣ እንዲሰጣት መጠየቅ ያለባት ሰው አለ፣ ያ ሰው ደግሞ ሰማይ ላይ አይደለም።

መታደስ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም ማለት ነው? ነበረ፤ አለም። የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላን ማየት ይበቃል፤ ዩኔስኮ በ2015 የመዘገበው የዘመን መለወጫ። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት የሰማይ ተመልካቾች ናቸው፤ ከዚያ ለየጎሳው ይነገራል። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤት ሰላም ይላሉ፤ ባለቤቲቱም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ታቀርብላቸዋለች። የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ይመክራሉ፤ ሥራ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጥ፣ በሐሰት አትመስክር፣ አትስረቅ። የተጣላ ይታረቃል። በዚህ በዓል ላይ አንድም ሰው ለብቻው አይታደስም። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት የሚገባ ካለ ለሌላውም አይሆንምና።

ጳጉሜን 3 ደግሞ አለ። በሩፋኤል ቀን ሰማይ ይከፈታል፣ የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ነው ይባላልና አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ከጣሪያ በሚወርደው አሸንዳ ሥር ይቆማሉ፤ እናቶች በባልዲ ያጠራቅሙና ለሊጡ ጠብ ያደርጋሉ፣ ቤቱን ይረጫሉ፣ በዕለቱ መምጣት ላልቻለ ሰው በጠርሙስ ያስቀምጣሉ። ይህ ገላን ማደስ ነው ከተባለ ገላን ማደስ ነው። ግን ያቺ እናት «ራሴን እየተንከባከብኩ ነው» ብትባል ትስቃለች። ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚታጠበው።

አሁን ሳይንሱ። የጨረቃ አማካሪዎች የሚወዱት ማስረጃ «ጨረቃ ባሕርን ካንቀሳቀሰች፣ ከግማሽ በላይ ውሃ የሆነውን ሰው እንዴት አታንቀሳቅስም?» የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው። የባሕር ውሃ ከፍና ዝቅ የሚለው የጨረቃ ስበት በምድር በዚህ ወገንና በዚያ ወገን ስለሚለያይ ነው፤ በመካከል 12 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከሁለት ሜትር በማትበልጥ ገላ ላይ ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። ጁባ ላይ ነጭ አባይ እንኳ ለጨረቃ አይነሳም፤ የሚነሳው ቪክቶሪያና አልበርት ሐይቆች ሲሞሉና ከኮረብታው ጎርፍ ሲወርድ ነው። ሌላም አለ። ባሕር የሚነሳው ጨረቃ ስትወለድም ስትሞላም እኩል ነው። ስበቱ ቢሆን ኖሮ «በልደቷ ጀምሪ፣ በሙላቷ ልቀቂ» የሚሉት ሁለት ተቃራኒ ምክሮች አንድ ይሆኑ ነበር።

የሴቶች የወር አበባ ከጨረቃ ጋር ይሄዳል የሚለውም እንዲሁ በጥንቱ ሕይወት ስም ይነገራል፤ መብራት አበላሸው ይባላል። ቤቨርሊ ስትራስማን ማሊ ውስጥ መብራት በሌለበት የዶጎን መንደር የሴቶችን ዑደት ለረጅም ጊዜ ተከታትላ በ1997 ስታሳትም ከጨረቃ ጋር መገጣጠም አላገኘችም። ወሊድስ? ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከ1997 እስከ 2001 የተወለዱ 564,039 ሕፃናት መዝገብ ተመርምሮ በ2005 ውጤቱ ወጣ፤ ሙሉ ጨረቃ ምጥ አትጠራም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለእነሱ የሚያደላ አንድ ጠንካራ ጥናት መኖሩን መደበቅ ግን አይገባም። በ2021 የወጣ ነው። ሰሜን አርጀንቲና ውስጥ የሚኖሩ የቶባ ተወላጆች መብራት ባለበትም በሌለበትም መንደር፣ ሲያትል ያሉ ተማሪዎችም ጭምር፣ ጨረቃ ልትሞላ ስትል ባሉት ሌሊቶች ዘግይተው ይተኛሉ፤ እንቅልፋቸውም ያጥራል። እውነት እንበለው። እንግዲያውስ በዚያ ሳምንት የሚሰጠው ምክር «ቶሎ ግቢና ተኚ» መሆን ነበረበት። አማካሪዎቹ ግን በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ሻማ አብርተሽ፣ ወረቀት እየጻፍሽና እያቃጠልሽ አምሺ ይላሉ። የራሳቸው ምርጥ ማስረጃ ሥርዓታቸውን ያፈርሰዋል።

ጨረቃ በሰው ሕይወት ውስጥ የእውነት ሚና የምትጫወተው በብርሃኗ ነው። ክሬግ ፓከርና ባልደረቦቹ ከ1988 እስከ 2009 ታንዛኒያ ውስጥ አንበሳ በሰው ላይ ያደረሳቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ጥቃቶች ከጨረቃ ጋር አስተያይተው በ2011 እንዳሳዩት አደጋው የሚበዛው ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ምሽቶች ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨረቃ እስክትወጣ ድረስ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል፤ ሰውም ገና አልገባም። እንግዲህ አያት ጨረቃን የሚያዩት ውሃ የወረደ ልጅ ቀድሞ መግባት እንዳለበት ለማወቅ ነበር። ደቡብ ሱዳን ዛሬም ከዓለም በኤሌክትሪክ ሽፋን መጨረሻ ላይ ከሚገኙት አገሮች አንዷ ናትና ይህ የጥንት ወሬ አይደለም።

«ቢሆንስ፣ ማንን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ሻማ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ከሻማው ጋር የሚመጣው ማብራሪያ ነው፤ ደከመሽ ማለት ከዑደትሽ ወጣሽ ማለት ነው፣ ጥፋቱም መፍትሔውም አንቺ ዘንድ ነው ይላል። ጁባ ውስጥ የሚኖሩ የውጭ አገር የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች በየጥቂት ሳምንቱ አር ኤንድ አር የሚባል የዕረፍት ፈቃድ ወስደው አገር ለቀው ይወጣሉ። መታደሻቸውን የሚቆርጠው የሥራ ውል ነው። አጠገባቸው የሚሠራው ጁባዊ ሾፌር ያ ዕረፍት የለውም። ለእሱ «ጨረቃ ስትጎድል ዕረፍ» ብሎ መምከር ትንሽ ያሳፍራል፤ ለእሱ የጎደለው ፈቃድ ነው።

በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በየካቲት 2025 እንደገና ለሁለት ሳምንት ተዘጉ፤ ምክትል የትምህርት ሚኒስትሩ ማርቲን ታኮ ሞይ በወቅቱ እንደተናገሩት ጁባ ውስጥ በአማካይ በቀን 12 ተማሪዎች በሙቀት ይወድቁ ነበር። አብዛኞቹ መማሪያ ክፍሎች በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፤ ማራገቢያ የሚያዞር መብራት የላቸውም። መንግሥት ሰው ቤቱ እንዲቆይና ውሃ እንዲጠጣ መከረ። ውሃውን የሚያመጣው ቦቴ ነው፣ ቤቱም ቆርቆሮ ነው። በዚያው ሰሞን የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የምድር መሞቅ ያን ሙቀት እንዳባባሰውና ከሁሉም በላይ የከበደው ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ እንደሆነ ደምድመዋል። ያቺ ክፍል ውስጥ የወደቀች ልጅ ከወቅቱ ጋር መስማማት አቅቷት አልወደቀችም። ወቅቱን በሚገባ ተቀብላዋለች፤ ጣሪያው ነው ያልተቀበለው።

ከዚያ በኋላ የተነሳው ክርክር ከየትኛውም የጨረቃ መመሪያ ይልቅ የሙርሲዎቹን ሙግት ይመስላል። የትምህርት ሠራተኞች የትምህርት ዘመኑ እንዲቀየር፣ ትምህርት ቤት በየካቲት ተዘግቶ ሙቀቱ በሚበርድበት በሚያዝያ እንዲከፈት ጠየቁ። የጁባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ኮሌጅ ዲን አብርሃም ኩዎል ኒዎን ደግሞ አንድ ካሌንደር ለአገሪቱ አይሆንም፣ በአሥሩ ግዛቶች የአየር ጠባይ መሠረት ይለያይ አሉ። ሁለቱም የሚሉት ያስኬዳል፤ ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ትምህርቱ ከየካቲትና ከመጋቢት ከተነሳ ወደ ዝናቡ ወራት ይገፋል። በዝናቡ ወራት በጆንግሌና በዩኒቲ ጎርፉ መንገድ ይቆርጣል፣ በኢኳቶሪያ ልጆች ለአረም ማሳ ይፈለጋሉ፣ በጁባ ሰፈሮች ወባና ኮሌራ ይጠብቃቸዋል፤ በዚያ ላይ ብዙው ቤት የረሃቡ ወቅት ላይ ነው፣ ባዶ ሆድ ደግሞ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። መምህራኑ፣ ወላጆቹና ሚኒስቴሩ ተቀምጠው ወር በወር መቁጠር ይኖርባቸዋል።